ዲስኩ ኬዙ ውስጥ እየተንኳኳ ሲደርስ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ዘንድሮ በኢንተርኔት ካዘዝኳቸው ውስጥ ስድስቱ ዲስካቸው ከኬዙ ወልቆ፣ ነቅነቅ ሲደረግ እየተንኳኳ ደረሱኝ። ሁለት ሲዲ፣ ሦስት ዲቪዲና አንድ ባለ አሥር ዲስክ የብሉሬይ ስብስብ ናቸው። ብሉሬዩን መልሼ ምትክ ላኩልኝ፤ ምትኩም ያው ሆነ። ያገለገለ ዕቃ እንደ አዲስ አሽገው እየሸጡልኝ ይሆን? የሚሠሩትን ዝም ብዬ ልያዛቸው? ጭረቱ በኮልጌት ይጠፋል ያለኝ ሰውም አለ። ለገና አዲስ አበባ ላሉት አባቴ ልልክላቸው አስቤ ነበር።»

ከኮልጌቱ ልጀምር፤ ያስቀምጡት። ብሉሬዩን፣ ማለትም ከዲቪዲ የላቀ ጥራት ያለውን የፊልም ዲስክ፣ በተለይ እንዳያስነኩት። ምክንያቱን ወደ ታች ያገኙታል።

የወለቀ ዲስክ ሁሉ የተበላሸ አይደለም። ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ የደረሰም ሁሉ ጤነኛ አይደለም። እኔ በፊት ዲስክ በማባዛት፣ ኋላ ደግሞ የሰው ካሴትና ሲዲ ወደ ፋይል በማዛወር ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ካርቶን ሙሉ እየተንኳኳ የመጣ ሲዲ አንዲት እንከን ሳይኖረው ሲጫወት አይቻለሁ። የታሸገበት ላስቲክ እንኳ ሳይቀደድ መሃሉ ተሰንጥቆ የመጣም አጋጥሞኛል። መንኳኳቱ የሚነግርዎ ዕቃው የሆነ ቦታ መመታቱን ብቻ ነው። ጉዳቱን ለማወቅ ዲስኩን ራሱን ማየት ይጠይቃል።

ያገለገለ ነው ወይ ለሚለውም መውለቁ ማስረጃ አይሆንም። ያገለገለ ዲስክ ሌላ ምልክት አለው። የጣት አሻራ ይኖረዋል፤ በጨርቅ የተጠረገበት ጭጋግ ይታያል፤ ኬዙ ላይ የዋጋ ወረቀት የተላጠበት ሙጫ ይቀራል። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ቤት ውስጥ የተቀዳ ዲስክ ነው። ሲዲ ወይም ዲቪዲ ከሆነ ገልብጠው በብርሃን ይዩት። ፋብሪካ የታተመ ከሆነ ብርማ ወይም ወደ ወርቃማ የሚያደላ ነው። በኮምፒውተር የተቀዳ ሲዲ ብዙ ጊዜ ወደ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ያደላል፤ የተቀዳ ዲቪዲ ደግሞ ወደ ወይን ጠጅ። እዚህ ላይ ግን ቶሎ አይፍረዱ። አንዳንድ አሳታሚዎች ገበያቸው ያነሰባቸውን ሥራዎች ራሳቸው በትዕዛዝ እየቀዱ በሕጋዊ መንገድ ይሸጣሉ። የገዙበት የሻጩ ድረ ገጽ ላይ ይህ ተጽፎ እንደነበር ተመልሰው ያረጋግጡ።

አሁን ለምን እንደሚወልቅ። አንድ ዲስክ 15 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው። ኬዙ ውስጥ የሚይዘው መሃል ቀዳዳውን ቆንጥጠው የሚይዙት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ናቸው። ሌላ የሚደግፈው ነገር የለም። ካርቶን ከአንድ ሜትር ከፍታ ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ፣ በሚያርፍባት ቅጽበት ውስጡ ያለው ዕቃ ሁሉ ከክብደቱ መቶ እጥፍና ከዚያም በላይ በሆነ ኃይል ሊገፋ ይችላል። መቶ እጥፍ ብቻ እንበል። 15 ግራሟ ዲስክ ለዚያች ቅጽበት አንድ ኪሎ ተኩል ሆነች ማለት ነው። ጥርሱ አንድ ኪሎ ተኩል እንዲይዝ አልተሠራም። እንዲያውም በጣት ጫና እንዲለቅ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ያለዚያ እኛም ማውጣት አንችልም ነበር።

የኬዙ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። ብርጭቆ የሚመስለው የሲዲ ኬዝ ጠንካራ ይመስላል እንጂ ተሰባሪ ፕላስቲክ ነው። ሲመታ ጥርሱ አይለቅም፤ ይሰበራል። ከዚያ በኋላ ዲስኩ ብቻውን አይደለም የሚንኳኳው። የተሰበሩት ጥርሶችም አብረውት ይዞራሉ። ሹል ናቸው፤ ከሚያብረቀርቀው ሆዱ ሥር ገብተው እንደ አሸዋ ይፍቁታል። እነዚያን ሁለት ሲዲዎች ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚፈልጉት ፍርፋሪ ይሁን። ካለ ዲስኩን ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያንሱት፤ ኬዙ ላይ እየጎተቱ አያውጡት። ፍርፋሪው ላይ የጎተቱት እንደሆነ አጓጓዡ ያላደረሰውን ጉዳት እርስዎ ያደርሱታል።

የዲቪዲ ኬዝ ለስላሳና ተጣጣፊ ስለሆነ ጥርሱ ብዙም አይሰበርም። ግን በቀላሉ ይለቃል። የከፋው ፕላስቲክ ለመቆጠብ ተብሎ ጀርባው የተበሳሳው ቀጭን ኬዝ ነው። ከላይ የተጫነው ዕቃ ወረቀቱን አልፎ ዲስኩን ራሱን ይገፋዋል። በአንድ ኬዝ ውስጥ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለበጥ ማስቀመጫ ያላቸው ስብስቦች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አንድ ዲስክ ከወለቀ ጎረቤቱን ይፍቃል። የእርስዎ ባለ አሥሩ እንዲህ ዓይነቱ ይመስለኛል። የካርቶን ኪስ ያለው ከሆነ ደግሞ መንኳኳቱ አያስደነግጥም፤ ኪስ ውስጥ ያለ ዲስክ ትንሽ መንሸራተቱ አይቀርም። የካርቶን ኪስ ችግሩ ሌላ ነው። ሲገባና ሲወጣ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምርበታል፤ አልፎ አልፎም የኪሱ ሙጫ ዲስኩ ላይ ተለጥፎ ይገኛል።

ምትኩ ለምን ያው ሆነ? ብዙ ሰው ጥፋቱን ሁሉ ደጅ ላይ ዕቃ ወርውሮ በሚሄደው ሰው ላይ ይጥላል። እሱም ንጹሕ አይደለም። ግን ዲስኩ እርስዎ ከማዘዝዎ በፊት ወልቆ ሊሆን ይችላል። ከፋብሪካ ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋይ ወደ ሻጩ መጋዘን በትልቅ ካርቶን ተደርድሮ ይሄዳል። ያ ካርቶን አንዴ ከወደቀ ውስጡ ያለው ሁሉ ይወልቃል። ሻጩ ምትክ ሲልክልዎ እጁን የሚሰደው እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ሁለተኛውም ተንኳኩቶ ከመጣ ሦስተኛ ምትክ አይጠይቁ። ድካም ነው። ገንዘብዎን አስመልሰው ከሌላ ሻጭ ይግዙ፤ ወይም ጥቂት ወራት ቆይተው አዲስ ዕቃ ሲገባ ይዘዙ።

አሸጋጉም አለ። ልጆች በጣታቸው እያፈነዱ የሚጫወቱበት ላስቲክ የተለበጠ ቀጭን ፖስታ ለአንድ ዲስክ ሊበቃ ይችላል። ለስብስብ አይበቃም። ማዕዘኑ ከተመታ ኬዙ ይሰነጠቃል። ትልቅ ካርቶን ውስጥ ምንም ሳይጠቀጠቅ አንድ ኬዝ ብቻ ወርውሮ መላክ ደግሞ ከፖስታው ይብሳል። ዕቃው ሜዳ አግኝቶ ከግድግዳ ግድግዳ ሲላተም ይመጣል። ሻጮቹ ይህን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ሒሳቡን ሠርተውታል፤ ከመቶው ጥቂቱን መተካት መቶውንም በካርቶን አሽጎ ከመላክ ይረክሳል። እኔ በዚህ አልናደድም። ግን ሒሳቡ እንዲህ ከሆነ ከሚመልሱት ጥቂቶች አንዱ ለመሆን ማፈር የለብንም።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ሲዲ፣ ዲቪዲና ብሉሬይ ለዓይን አንድ ናቸው። ሦስቱም 12 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላቸው። ልዩነቱ መረጃው የተቀመጠበት ጥልቀት ነው። የትኛው ጭረት እንደሚገድልና የትኛው እንደማይጎዳ የሚወሰነውም በዚህ ነው።

ሲዲ ላይ መረጃው ያለው ጽሑፍ ካለበት ገጽ ሥር ነው። ሌዘሩ ከታች ገብቶ 1.2 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ አልፎ ነው የሚደርስበት። ስለዚህ በሚያብረቀርቀው ሆዱ ላይ ያለ ጭረት ከመረጃው ሩቅ ነው። ጀርባው ግን ሌላ ነው። በአሉሚኒየሙና በጣትዎ መካከል ያለው ከሰው ፀጉር የሳሳ ቅብ ብቻ ነው። ሰዉ ሁሉ ሆዱን እየተጠነቀቀ ሲዲውን በጽሑፉ በኩል ጠረጴዛ ላይ ያስተኛዋል። ተገላቢጦሽ ነው። ሲዲዎቹን ወደ አምፖል አቅንተው ከሆዱ በኩል ይመልከቱ። ብርሃን በነጥብ ወይም በመስመር የሚያልፍበት ቦታ ካለ መረጃው ከነአሉሚኒየሙ ተፍቋል። ፍንጥቅ ያለች አንዲት ነጥብ የስህተት ማረሚያው፣ ማለትም ማጫወቻው የጎደለውን መረጃ መልሶ የሚሞላበት ዘዴ፣ ሊሸፍናት ይችላል። መስመር ከሆነ ግን መድኃኒት የለውም።

ዲቪዲ ሁለት 0.6 ሚሊ ሜትር ገጾች ተጣብቀው የተሠራ ሳንድዊች ነው። መረጃው መሃል ላይ ስላለ ከሁለቱም በኩል ይጠበቃል። የሱ ጠላት መታጠፍ ነው። ከኬዙ ሲወጣ ጠርዙን ይዘው ሽቅብ ከጎተቱት ይለመጣል፤ ማጣበቂያው ከመሃል ቀዳዳው ጀምሮ ሊለቅ፣ ፕላስቲኩም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ብሉሬይ ላይ መረጃው ከሚነበበው ገጽ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። አንድ ወረቀት ያህል ነው። ለዚህ ሲባል ጭረት የሚቋቋም ጠንካራ ልባስ ተደርጎለታል፤ በጣት ጥፍር ነገር አይጫርም። ልባሱን ያለፈ ጭረት ግን በቀጥታ ወደ መረጃው ይሄዳል። የሚፋቅ ውፍረት ስለሌለውም የሚታከም አይደለም። ኮልጌቱን ያስቀምጡ ያልኩት ለዚህ ነው። የጥርስ ሳሙና የሚሠራው በመፋቅ ነው። 1.2 ሚሊ ሜትር ባለው ሲዲ ላይ ትንሽ ጭረት ሊያለሰልስ ይችላል፤ አልክድም። ብሉሬይ ላይ ግን የሚፍቁት ልባሱን ራሱን ነው።

ጭረቱን ሲያዩ አቅጣጫውንም ያስተውሉ። ዲስክ የሚነበበው እንደ ሸክላ ዙሪያውን ነው፤ ልዩነቱ ከውስጥ ወደ ውጭ መሄዱ ነው። ከመሃል ወደ ጠርዝ እንደ ጨረር የሚሄድ ጭረት በእያንዳንዱ ዙር ለአፍታ ብቻ ነው የሚያቋርጠው። የሲዲ ስህተት ማረሚያ በመስመሩ ላይ እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ጉድለት ሙሉ በሙሉ መልሶ መጠገን ይችላል። ዙሪያውን ተከትሎ እንደ ቅስት የሚሄድ ጭረት ግን ረጅም መስመር በአንድ ጊዜ ይሸፍናል። ያኔ ማረሚያው አይበቃም። ኬዝ ውስጥ ወልቆ የዞረ ዲስክ ይህንኑ የቅስት ጭረት ነው የሚያመጣው። ስለዚህ ስድስቱን ሲመረምሩ ሲታይ የሚያስደነግጠውን ጭረት ትተው ቅስት የሚመስለውን ይፈልጉ።

ከጭረት ሁሉ በላይ የምፈራው የመሃል ስንጥቅ ነው። ቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ከብርሃን ፊት ይዩት። ፀጉር የመሰለ መስመር ከታየ ዲስኩን ዴክ ውስጥ አያስገቡት፤ ኮምፒውተር ውስጥ ደግሞ ጭራሽ። ጭረት ባለበት ይቆያል፤ ስንጥቅ ግን ያድጋል። ፈጣን የኮምፒውተር ማንበቢያ ሲዲን በደቂቃ እስከ 10,000 ዙር አካባቢ ያሽከረክረዋል። የተሰነጠቀ ዲስክ በዚያ ፍጥነት ውስጡ ሊበታተን ይችላል፤ ማሽኑም አብሮ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። ከማሽኑ ውስጥ ፍርፋሪውን በመቆንጠጫ ስለቅም ነው የዋልኩት፤ የደንበኛውን ሲዲ ማዳን ግን አልቻልኩም። መሃሉ የተሰነጠቀ ዲስክ ዛሬ ቢሠራም ይመለስ። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

«የሚሠሩትን ልያዛቸው?» ብለዋል። ይሠራል ማለት ምን ማለት ነው? ብዙ ሰው የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች አይቶ ሠርቷል ይላል። እነዚያ ደቂቃዎች ያሉት ወደ መሃል ቀዳዳው አካባቢ ነው። የወለቀ ዲስክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ወደ ጠርዙ ነው። ሲዲ ከሆነ የመጨረሻዎቹን ሁለት ዘፈኖች ያዳምጡ። ዲቪዲና ብሉሬይ ከሆነ አንድ ነገር ይጨመራል። ፊልሞች ብዙ ጊዜ ባለ ሁለት ድርብ፣ ማለትም መረጃው በሁለት ተደራራቢ ንጣፎች የተቀመጠበት ዲስክ ላይ ነው የሚታተሙት። ሌዘሩ የመጀመሪያውን ድርብ ከውስጥ ወደ ውጭ አንብቦ ሲጨርስ፣ ሁለተኛውን ከውጭ ወደ ውስጥ እየተመለሰ ያነባል። ስለዚህ ለጠርዙ የሚቀርበው የፊልሙ መጨረሻ ሳይሆን መሃሉ ነው። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ከሆነ ከ50ኛው እስከ 70ኛው ደቂቃ ያለውን ሳያቋርጡ ይዩት። ምስሉ በትንንሽ ካሬ ከተሰባበረ ወይም ቆም ካለ ይመለስ። በዚያው አካባቢ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለቅጽበት ብልጭ ብሎ የሚያልፍ መቆም የድርብ ለውጡ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ጉዳት አይደለም። ሲዲዎቹን ደግሞ አንድ ጊዜ ሙሉውን ወደ ኮምፒውተር ይቅዱ። ያለ ስህተት ካለቀ ጨርሰዋል።

ውጭ ብርድ ከሆነ አይቸኩሉ። በጥር ደጅ ላይ ያደረ ዕቃ ሞቅ ያለ ቤት ሲገባ ጤዛ ይይዛል። ሁለት ሰዓት ያህል ሳይከፍቱ ያቆዩት። ጤዛ የያዘ ዲስክ አይነበብም፤ ሰው ደግሞ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል።

ሳይበላሹ ተበላሹ የሚባሉበት ሌላም ምክንያት አለ፤ እርስዎን በቀጥታ ስለሚነካ ልብ ይበሉት። ዲቪዲ በዓለም ክልል የተከፋፈለ ነው። አሜሪካ የሚሸጠው ክልል 1 ነው። አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ክልል 2 ናቸው። ኢትዮጵያ ክልል 5 ውስጥ ናት። ሜሪላንድ ላይ ያለ እንከን የሠራው ዲቪዲ አዲስ አበባ ሲደርስ «ይህ ዲስክ አይጫወትም» ሊል ይችላል። ከዚያ ስልክ ይደወላል፤ «ልጄ፣ የላክሽው ተሰብሯል» ይባላል። አልተሰበረም። በርካታ ርካሽ ዴኮች ክልል አይመርጡም፤ ውድ የሚባሉት ናቸው የሚያስቸግሩት። ብሉሬይም ሁለቱን አህጉራት ይለያል፤ አሜሪካ ኤ፣ አፍሪካና አውሮፓ ቢ ናቸው። አንዳንድ አሳታሚ ግን ለሁሉም ክልል ክፍት አድርጎ ያትመዋልና የኬዙን ጀርባ ያንብቡ። የሙዚቃ ሲዲ ክልል የለውም፤ የፎር ኬ ብሉሬይም እንዲሁ። ከመላክዎ በፊት የአባትዎን ዴክ ዓይነት በስልክ ይጠይቁ። ዴኩ ብሉሬይ ጭራሽ የማያነብ ዲቪዲ ብቻ ከሆነ ባለ አሥሩን ስብስብ ከዚህ መላኩ ትርጉም የለውም።

መጥረግ ካለብዎ ለብ ባለ ውሃና በጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ያለቅልቁት፤ ከዚያ በመነጽር ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ እያደረጉ ይጥረጉ። እንደ ሰሃን ዙሪያውን አይሹት። ሶፍት አይንካው፤ ወረቀት ነው፣ ይጭራል። የካርቶን ሙጫ ከሆነ የመድኃኒት ቤት አልኮል በጨርቅ ነካ አድርገው ያለሰልሱት። አሴቶን ግን ፕላስቲኩን ያጨልመዋል። ሲዲና ዲቪዲ በማሽን የሚሞርዱ ቤቶች አሉ፤ ሥራቸው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ይህ ሌላ ቅጂ ለማይገኝለት ዲስክ የሚደረግ ነገር ነው። አዲስ የገዙትን ዕቃ በራስዎ ገንዘብ አያስሞርዱ።

ስለ መመለሱ። ጥቅሉ ሲደርስ ላስቲኩን ሳይቀዱ ነቅነቅ ያድርጉት። ከተንኳኳ በስልክዎ ቪዲዮ ያንሱ፤ ድምፁ ይሰማ፣ የፖስታው አድራሻና የውጭው ካርቶን ይታይ። ከዚያ እዚያው እየቀረጹ ይክፈቱት። ይህን ያልኩት «ከፍተሽዋል፣ አንቀበልም» የሚለው መልስ የተለመደ ስለሆነ ነው። ሐሳብን ቀይሮ መመለስና ጉድለት ያለበትን መመለስ አንድ አይደሉም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ ይቻላል፤ የታሸገ ሙዚቃና ፊልም ግን እሽጉ ከተከፈተ ይህ መብት ይቀራል። ጉድለት ያለበት ከሆነ ግን መከፈቱ መብትዎን አያሳጣዎትም። በብሪታንያም ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ30 ቀን ውስጥ መልሶ ሙሉ ገንዘብ መቀበል ይቻላል። እርስዎ ባሉበት አሜሪካ ሐሳብን ቀይሮ መመለስን በአብዛኛው የሚወስነው የሻጩ ደንብ ነው፤ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ይጻፉ። ሻጩ እምቢ ካለና የከፈሉት በክሬዲት ካርድ ከሆነ ለካርዱ ድርጅት በጽሑፍ ይከራከሩ። ደብዳቤው ክፍያው የታየበት የመጀመሪያው ሒሳብ ከተላከ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት። በዴቢት ካርድ ከሆነ ጉልበትዎ ይቀንሳል። ለዚህ ነው እኔ ዲስክ በዴቢት የማልገዛው።

ለቀጣዩ ትዕዛዝ የምመክረው አንድ ነው። ርካሹን ሻጭ ትተው በካርቶን የሚልከውን ይምረጡ። ሙዚቃና ፊልም ብቻ የሚሸጡ ትንንሽ ሱቆች አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል አጥብቀው ያሽጋሉ፤ ሲነቀነቅ ዝም የሚል እሽግ ነው የሚልኩት። ሲያዙ ማስታወሻ መጻፊያ ካለ «እባካችሁ በፖስታ ሳይሆን በካርቶን» ብለው ይጻፉ። ሁልጊዜ ባይሆንም ይሠራል። ደግሞም አንድ አንድ እያደረጉ ከማዘዝ ሦስት አራቱን በአንድ ጊዜ ይዘዙ። መጋዘኑ ወደ ካርቶን እንዲሄድ የሚያስገድደው ይህ ነው።

ሸክላ የሚሰበስቡ አንባቢዎች ይህንን ለሸክላ እንዳይወስዱት። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 በርሊን ላይ ያስቀረጹት ዓይነት የጥንቱ ሸክላ ስሙን ይመስላል፤ ከወደቀ እንደ ገንቦ ይሰበራል። የኋለኛው ቪኒል፣ ማለትም የፕላስቲኩ ሸክላ፣ በቀላሉ አይሰበርም፤ ግን በሙቀት ይጣመማል። በበጋ ሪያድ ወይም ዱባይ መኪና ውስጥ የዋለ ቪኒል እንደ ቂጣ ተጣምሞ ነው የሚወጣው፤ ሲዲ ግን ሙቀትን ከቪኒል በተሻለ ይቋቋማል። ያገለገለ ቪኒል ሲገዙ ዲስኩ ከካርቶን ሽፋኑ ወጥቶ ከጎኑ እንዲታሸግ ይጠይቁ። ያለዚያ ሲመታ ሽፋኑን ቀድዶት ይወጣል።

ወደ ስድስቱ ስንመለስ፣ ብሉሬዩን ዛሬውኑ መልሰው ገንዘብዎን ይቀበሉ፤ ምትክ አይበሉ። ከዲቪዲዎቹና ከሲዲዎቹ ስንጥቅ፣ የጀርባ ፍቀት ወይም የቅስት ጭረት ያለበትን ይመልሱ። ሆዱ ላይ ቀጭን ጭረት ብቻ ኖሮት ፈተናውን ያለፈውን ይያዙ፤ ነገ አይብስበትም። ጥርሱ ተሰብሮ ዲስኩ ደህና የሆነ ሲዲ ካለ ባዶ ኬዝ በጥቂት ዶላር ይገዛል፤ ወረቀቱን ማዛወር ነው።

ለአባትዎ ሲልኩ ደግሞ ዲስኮቹን በኬዛቸው አይላኩ። ከሜሪላንድ ቦሌ እስኪደርስ ሻንጣው የሚወረወርበትን ጊዜ ይቁጠሩት። ዲስኮቹን አውጥተው ለስላሳ ጨርቅ ባለው የሲዲ ቦርሳ ይደርድሯቸው፤ መንገደኛው በእጅ ሻንጣው ይያዘው። ባዶ ኬዞቹ በትልቁ ሻንጣ በልብስ መካከል ይሂዱ፤ ቢሰነጠቁም ኬዝ ነው። ሲደርስ አባትዎ ራሳቸው ወደ ኬዙ ይመልሷቸዋል። ታዲያ በስልክ ሲነግሯቸው ይህንንም ያክሉበት፦ ዲስክ ሲወጣ መሃሉን በአውራ ጣት ጫን ተደርጎ ነው እንጂ ጠርዙ ተይዞ አይጎተትም።